የውቅያኖስ ስኩዊድ ዕድሜው ስንት ነው? ከመረብ እስከ ካርታ፣ ደረጃ በደረጃ

እንበልና ሁለት ስኩዊዶች፣ ማለትም ሁለት አጥንት አልባ፣ ባለ ብዙ ክንድ የባሕር እንስሳት፣ ፊታችሁ ተዘርግተዋል። ሁለቱም ሐምራዊ ጀርባ ስኩዊድ ናቸው፤ በሳይንሳዊ ስማቸው ስቴኖቴውቲስ ዋላኒየንሲስ። ሁለቱም 20 ሴንቲ ሜትር ናቸው። የወጡትም ከዓረብ ባሕር፣ በአንድ ሌሊት ነው። አንደኛዋ ሆዷ በእንቁላል ተሞልቷል፤ ዕድሜዋ ወደ ማለቁ ነው። ሌላዋ ገና ልጅ ናት፤ ከተረፈች ግማሽ ሜትር ልታልፍ ትችላለች። ማስመሪያ ብቻ ያየ ሰው "እኩያሞች ናቸው" ብሎ ይመዘግባል።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን ስህተት ለማስቀረት ነው። ስኩዊዱን ከመያዝ ጀምሮ ዕድሜውን እስከ ማንበብ፣ ዕድገቱን እስከ ማስላትና የት ተፈልፍሎ የት እንደሚኖር ካርታ ላይ እስከ ማስፈር እንሄዳለን። የጣና ወይም የዝዋይ ቆሮሶ ኦቶሊት (የዓሣ የጆሮ ድንጋይ) ፈጭታችሁ የምታውቁ የዓሣ ሳይንስ ተማሪዎች ብዙው ሥራ አዲስ አይሆንባችሁም። ልዩነቱ እዚህ የሚቆጠረው ቀን እንጂ ዓመት አለመሆኑ ነው።

ምሳሌዬ በአብዛኛው ሐምራዊ ጀርባው ነው። በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖሶች ሞቃታማ ክፍል ሁሉ ይገኛል። ግዙፉ ዓይነት ደግሞ የሚታወቀው በጎረቤታችን ነው፦ በዓረብ ባሕር፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤና በቀይ ባሕር። ሲያስፈልግ ወደ ሜክሲኮና ወደ ጃፓንም ብቅ እላለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ርዝመት ለምን ይዋሻል?

የውቅያኖስ ስኩዊድ ሕይወት አጭር ናት። አብዛኞቹ ዝርያዎች አንድ ዓመት ገደማ ኖረው፣ ዘር ጥለው ይሞታሉ። የምሥራቅ ፓስፊኩ ግዙፍ ሁምቦልት ስኩዊድ እንኳን ከሁለት ዓመት ብዙም አይዘልም። ሲፈለፈል አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሲያድግ ግን ማንትሉ (ከጭንቅላቱ በኋላ ያለው ቱቦ መሰል አካሉ) ብቻ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ፣ ክብደቱም 50 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ይህን ሁሉ ዕድገት ባጭር ጊዜ ስለሚጨርሰው በልጅነቱ ያገኘው ሙቀትና ምግብ መጨረሻው ላይ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

ሒሳቡን እዩት። አንዱ ስኩዊድ በቀን 5 በመቶ፣ ሌላው በቀን 6 በመቶ ክብደት ይጨምራል እንበል። ይህ ለ90 ቀናት ሳይቋረጥ ከቀጠለ የመጀመሪያው ክብደቱን ወደ 80 እጥፍ ያሳድጋል፤ ሁለተኛው ወደ 190 እጥፍ። እኩያዎቹ አንዱ ከሌላው ከሁለት እጥፍ በላይ ሊከብድ ነው። ጥቂት ዲግሪ የሞቀ ውሃ እንዲህ ዓይነት ልዩነት መፍጠር ይችላል።

ሌላም ችግር አለ። ብዙ ሰው የለመደው ዘዴ በየወሩ የብዙ ዓሣ ርዝመት ለክቶ የግራፉ ጉብታ ወደ ቀኝ ሲሄድ መከተል ነው። በዓመት አንዴ ለሚራባ ዓሣ ይህ ይሠራል። ሐምራዊ ጀርባው ግን ዓመቱን ሙሉ ይራባል። የጥር ጉብታና የየካቲት ጉብታ የአንድ ትውልድ አይደሉም። ትልልቆቹ ሲሞቱ አዳዲሶቹ ቦታውን ይይዛሉ፤ ጉብታው የቆመ ይመስላል። ያየው ሰው "ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ሁለትና ሦስት ዓመት ይኖራል" ይላል። ለስኩዊድ ይህን ዘዴ ብቻውን አትጠቀሙ። በእኔ አስተያየት እንደ ማሟያም ቢሆን ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ደረጃ 1፦ ናሙናውን መያዝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መመዝገብ

ጎልማሳ ስኩዊድ የሚያዘው ማታ ነው። ቀን ቀን በመቶዎች ሜትር ጥልቀት ይቆያል፤ ሲመሽ ፋኖስ ዓሣ የሚባሉትን ትናንሽ ዓሦች እየተከተለ ወደ ላይ ይወጣል። መርከቡ ጠንካራ መብራት ያበራል። ስኩዊዱ ብርሃኑና ጨለማው በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ይሰበሰባል። ከዚያ ጂግ ይወርዳል፤ ጂግ ዙሪያውን ሹል ሹል መርፌ ያለው የስኩዊድ መንጠቆ ነው።

ጂግ ግን መራጭ ነው። ትንንሾቹ አይዙትም፤ አንዳንዴ በጣም ትልልቆቹም ያመልጣሉ። ስለዚህ በጂግ ብቻ የተሰበሰበ ናሙና መጀመሪያው የጎደለው ታሪክ ይሆናል። ማሟያዎቹ እነዚህ ናቸው፦

- ለአዲስ ተፈልፋዮች፣ በሰያፍ የሚጎተት ጥቅጥቅ ያለ የፕላንክተን መረብ።
- ለጉርምሶቹ፣ መሃል ውሃ ላይ የሚጎተት መረብ፣ ወይም ከመርከቡ ጎን በረጅም እጀታ መጨለፊያ መረብ።
- ሌላው ሁሉ ካልተገኘ፣ የቱናና የሌሎች አዳኞች ሆድ። ሥጋው ቢፈጭም ምንቃሩ ይተርፋል፤ ከታችኛው ምንቃር ልኬትም የስኩዊዱን መጠን መገመት ይቻላል። ግን አዳኙ የት እንደዋጠው አይታወቅም፤ ምንቃሩ ሆድ ውስጥ ሰንብቶ ሊሆንም ይችላል። ስለዚህ ለካርታ ሥራ ደካማ ማስረጃ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። እያንዳንዱ ስኩዊድ ከመርከቡ ሳይወርድ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ኬክሮሱና ኬንትሮሱ፣ የውሃው ሙቀት፣ የተያዘበት ጥልቀትና መሣሪያው ይመዝገብለት። በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በባሕር ውሃና በአልኮል ይለቃል። ዕድሜው በትክክል ተነቦ የተያዘበት ቀንና ቦታ ያልታወቀ ስኩዊድ ለዚህ ሥራ ከሞላ ጎደል ዋጋ የለውም። ቁጥሩ ትርጉም የሚያገኘው ወደ ኋላ ቆጥራችሁ የልደት ቀን ስታወጡበት ነው።

ባሕር የሌላችሁስ? ለእጅ ማለማመጃ ዱባይ፣ ጅዳ ወይም ጅቡቲ የዓሣ ገበያ ያለ ዘመድ ጭንቅላቱ ያልተቆረጠ ስኩዊድ ሊገዛላችሁ ይችላል። የተጸዳውን፣ ነጭ ቱቦ ብቻ የቀረውን አይግዛ፤ የምንፈልገው ያለው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። ገበያ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ የባሕር ዳርቻ ስኩዊድ እንደሆነም እወቁ። መለያው ዓይኑ ነው። የዳርቻው ስኩዊድ ዓይን በስስ ግልጽ ቆዳ የተሸፈነ ነው፤ የውቅያኖሱ ዓይን ግን ለውሃው ክፍት ነው። ሐምራዊ ጀርባው የሚገኝበት ኦማስትሬፊዴ የሚባለው ቤተሰብ ደግሞ ሌላ ምልክት አለው፦ የውሃ መትፊያ ቱቦውን ከማንትሉ ጋር የሚቆልፈው አጥንት መሰል ክፍል የተገለበጠ የ"ቲ" ፊደል ቅርጽ አለው።

ደረጃ 2፦ መለካት

የሚለካው የማንትሉ ርዝመት ነው። በጀርባ በኩል፣ ከማንትሉ የፊት ጫፍ እስከ ጅራቱ መጨረሻ፣ በሚሊ ሜትር። ከክንዱ ጫፍ ጀምሮ አትለኩ። ሁለቱ ረጃጅም ክንዶች እንደ ጎማ ይሳባሉ፤ አንዳንዴም ተቆርጠው ይቀራሉ።

ትኩስ ሆኖ ከተለካ ሁሉም ትኩስ ይለካ። በረዶ የገባው ይሸበሸባል። ሁለቱን መቀላቀል ግድ ከሆነ ጥቂቶቹን በፊትም በኋላም ለክታችሁ ማስተካከያ ቁጥር አውጡ።

ከዚያ ክብደት፣ ጾታና የብስለት ደረጃ ይመዘገባል። ማንትሉን በሆድ በኩል በመቀስ ክፈቱ። ሴቷ ነጭ፣ ረዘም ያሉ ጥንድ እጢዎች አሏት፤ ስትበስል ሆዷን ይሞላሉ። ወንዱ ከታችኞቹ ክንዶቹ አንዱ ለመራቢያ ተለውጦ ይታያል፤ ሲበስል ከረጢቱ ውስጥ ክር የሚመስሉ የዘር እሽጎች ይጠራቀማሉ።

ሐምራዊ ጀርባ ከሆነ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ይህ ዝርያ ድንክ፣ መካከለኛና ግዙፍ ዓይነቶች አሉት። ድንኩ የሚኖረው ከምድር ወገብ ብዙ ሳይርቅ ነው፤ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ይበስላል። ግዙፉ ማንትሉ 65 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። በመካከለኛውና በግዙፉ ጀርባ ላይ፣ ወደ አንገቱ ቀረብ ብሎ፣ ብርሃን የሚሰጥ ሞላላ ንጣፍ አለ። ድንኩ ይህ የለውም። ቆዳውን ሳትገፉ በፊት እዩትና "አለ" ወይም "የለም" ብላችሁ ጻፉ። መካከለኛውን ከግዙፉ ልጅ ለመለየት ንጣፉ አይረዳም፤ እዚያ የሚያግዘው በዚያ ርዝመት በስሏል ወይስ አልበሰለም የሚለው ነው። ትንሽ የሥጋ ቁራጭ በአልኮል ብታስቀምጡ ደግሞ ጥርጣሬውን በዲኤንኤ መፍታት ይቻላል። ሦስቱን በአንድ ግራፍ ላይ የደባለቀ ሰው የሚያገኘው መስመር የማንኛቸውም አይደለም።

ደረጃ 3፦ ስታቶሊቱን ማውጣት

ስታቶሊት የስኩዊዱ የሚዛን ድንጋይ ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ፣ በፈሳሽ በተሞሉ ሁለት ትናንሽ ክፍሎች፣ አንድ አንድ ይገኛል። ስኩዊዱ ሲታጠፍና ሲገለበጥ ላይና ታቹን የሚያውቀው በእሱ ነው። የተሠራው ከአራጎናይት፣ ማለትም ከካልሲየም ካርቦኔት ነው። የትልቅ ስኩዊድ ስታቶሊት እንኳን ከነጭ ጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ ከሥሩ ጥቁር ጨርቅ ወይም ጥቁር ወረቀት አንጥፉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጭንቅላቱን ከማንትሉ ለዩ። በጀርባው አስተኙት፤ የሆዱ በኩል ወደ ላይ ይሁን። የውሃ መትፊያ ቱቦውን ቆርጣችሁ አንሱ። ከሥሩ ጠንከር ያለ፣ ነጣ ያለ የራስ ቅል ታገኛላችሁ። ወደ ኋላ በኩል፣ ከቆዳው ሥር፣ ሁለቱ ክፍሎች ጎን ለጎን አሉ። በስለታም ምላጭ ስስ ስስ አድርጋችሁ ላጡ፤ በአንድ ጊዜ አትቁረጡ። ክፍሉ ሲከፈት ፈሳሹ ይወጣል፤ ሁለቱ ነጭ ፍሬዎች ይታያሉ። በቀጭን ወረንጦ ቀስ ብላችሁ አንሱ። ጫን ካላችሁት ይሰበራል።

በንጹህ ውሃ አጥባችሁ የተጣበቀውን ሥጋ አስወግዱ። ከዚያ ወይ አድርቃችሁ ወይ በ96 በመቶ ኢታኖል ውስጥ በትንሽ ጠርሙስ አስቀምጡ። ግራና ቀኙ ይለይ።

ፎርማሊን አትጠቀሙ። አሲድነቱ አራጎናይቱን ይበላዋል። ስኩዊዱ ሙሉውን ፎርማሊን ውስጥ ከርሞ ከሆነም ስታቶሊቱ ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነው። በረዶ ውስጥ የቆየ ግን ችግር የለውም።

ደረጃ 4፦ መፍጨት

ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ነው። አዲስ የተፈለፈለ ስኩዊድ ስታቶሊት ስስ ስለሆነ ሳይፈጭ ይነበባል። የጎልማሳው ግን ሁለቱም ገጽታው መፈጨት አለበት።

ስላይድ ላይ በሙቀት የሚቀልጥ ግልጽ ማጣበቂያ ጠብ አድርጉ። ክሪስታልቦንድ የሚባለው በየላቦራቶሪው የተለመደ ነው። ስታቶሊቱን ጠፍጣፋ አስተኝታችሁ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ውሃ በማይፈራ፣ በረጠበ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከ1000 ቁጥር ጀምሮ ወደ 2000 እየላሸ፣ በክብ እንቅስቃሴ ፍጩ። ጥቂት ዙር፣ ከዚያ ማይክሮስኮፕ። ጥቂት ዙር፣ እንደገና ማይክሮስኮፕ። እምብርቱ ጥርት ብሎ ሲቀርብ ቁሙ። ማጣበቂያውን አሙቃችሁ ገልብጡት፤ በሌላው በኩልም እንዲሁ። መጨረሻ ላይ በደቃቅ የአሉሚና ዱቄት አለስልሱት፤ የብርጭቆ ወረቀቱ ጭረት ከቀለበት ጋር ይምታታል።

እምብርቱን ካለፋችሁት አለቀ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ተፈጭተው ሄደዋል፤ ያንን ስታቶሊት ለዕድሜ አትቁጠሩት። ሁለት የተሰጣችሁ ለዚህ ነው፤ ሌላኛውን አውጡ። ሁለቱንም በአንድ ቀን አትፍጩ የምለውም ለዚህ ነው።

ደረጃ 5፦ መቁጠር

በ400 እጥፍ ማጉያ፣ ከሥር በሚመጣ ብርሃን እዩት። መሃሉ ላይ እምብርት አለ። ዙሪያውን ጎላ ያለ ጨለማ ቀለበት ይከበዋል፤ ይህ የልደት ቀለበት ነው፤ ስኩዊዱ ሲፈለፈል የተሠራ። መቁጠር የሚጀመረው ከእሱ ቀጥሎ ነው። ከዚያ ወደ ውጭ አንድ ፈዛዛና አንድ ጨለማ መስመር አብረው አንድ ቀለበት ይሆናሉ፤ አንድ ቀለበት አንድ ቀን። ስፋታቸው ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። በኦማስትሬፊዴ ቤተሰብ የተሻለው መንገድ ከእምብርቱ ወደ ጀርባው ጉልላት፣ ማለትም ወደ ሰፊው ክብ ጫፍ የሚወስደው ነው።

"አንድ ቀለበት አንድ ቀን" ከየት መጣ? በ1970ዎቹ መጨረሻ እንደ መላምት የቀረበ ሐሳብ ነው። በኋላ ተፈተነ። በሕይወት ያለ ስኩዊድ ቴትራሳይክሊን ወይም ስትሮንቲየም ይሰጠዋል፤ ስታቶሊቱ ላይ ምልክት ይቀራል። ከተወሰኑ ቀናት በኋላ ከምልክቱ ወዲህ ያሉ ቀለበቶች ይቆጠራሉ። በሰሜን ምዕራብ አትላንቲኩ ኢሌክስና በጃፓኑ ቶዳሮደስ ፓሲፊከስ ላይ ተሞክሮ የዕለት ተዕለት መሆኑ ታይቷል። የውቅያኖስ ስኩዊድ ገንዳ ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ ከግድግዳ ጋር እየተጋጨ ይሞታል። ስለዚህ ለብዙዎቹ ዝርያዎች የምንመረኮዘው በዘመዶቻቸው ላይ በተገኘው ውጤት ነው። ሪፖርታችሁ ላይ ይህን በግልጽ ጻፉት።

ስትቆጥሩ ሁለት ዓይነት ወጥመድ አለ። አንዱ በሁለት ቀለበት መሃል የሚታዩ ሐሰተኛ ቀጭን መስመሮች ናቸው። የማይክሮስኮፑን ፎከስ ወደ ላይና ወደ ታች ስታንቀሳቅሱ እውነተኛው ቀለበት አይጠፋም፤ ሐሰተኛው ይደበዝዛል። ሁለተኛው ጠርዙ ነው። የመጨረሻዎቹ ቀለበቶች ይጠባሉ፤ ብርሃኑም እዚያ ይታጠፋል። ያልታየውን ከአጠገቡ ባለው ስፋት መገመት ይቻላል፤ ግምቱ ግን ከጥቂት ቀለበቶች አይለፍ።

እያንዳንዱ ስታቶሊት ሁለት ጊዜ ይነበብ፤ ቢቻል በሁለት ሰው። አንባቢው የስኩዊዱን ርዝመት ማወቅ የለበትም። ትልቅ መሆኑን ካወቀ ሳያስበው ብዙ ይቆጥራል። አንደኛው 204፣ ሁለተኛው 216 አለ እንበል። አማካዩ 210 ነው፤ ልዩነቱ 12፣ ማለትም ከ6 በመቶ በታች። የተለመደው ገደብ 10 በመቶ ስለሆነ 210 ይያዛል። ከገደቡ ካለፈ ለሦስተኛ ጊዜ ይነበባል፤ አሁንም ካልተስማማ ይጣል። መጣል አይክበዳችሁ። ስንት እንደጣላችሁም መዝግቡ፤ የተጣሉት ሁሉ ትልልቆቹ ከሆኑ ውጤታችሁ ወደ ወጣቶቹ አዘንብሏል።

ደረጃ 6፦ የልደት ቀን ማውጣት

ከተያዘበት ቀን ላይ የቀለበቱን ቁጥር ቀንሱ። ይኸው ነው። የካቲት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. የተያዘ 210 ቀለበት ያለው ስኩዊድ የተፈለፈለው ሐምሌ 13 ቀን 2015 ነው። በፈረንጆቹ ከፌብሩዋሪ 15 ቀን 2024 ወደ ጁላይ 20 ቀን 2023 መሆኑ ነው። በእኛ አቆጣጠር በጣት የምትቀንሱ ከሆነ ጳጉሜን እንዳትረሱ። 2015 ጳጉሜን 6 ቀን ነበራት፤ ከዘለላችኋት ልደቱ ስድስት ቀን ይዛባል። ኤክሴል ላይ የፈረንጁን ቀን ማስገባት ይቀላል፤ የተያዘበትን መዝገብ ከመርከቡ ስታገኙም በዚያው ነው የሚመጣው።

የአቆጣጠር ስህተታችሁ ወደ ስድስት ቀን ከሆነ የልደት ወሩን በአብዛኛው በልበ ሙሉነት መናገር ትችላላችሁ። በየትኛው የጨረቃ ምዕራፍ ተፈለፈለ የሚለውን ግን አትችሉም።

አሁን የልደት ቀኖቹን በወር በወር ደርድሩ። በዓረብ ባሕር ላይ ይህ ወዲያው ትርጉም ይሰጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም የደቡብ ምዕራብ ሞንሱን ይነፍሳል፤ በሶማሊያና በኦማን ዳርቻ ቀዝቃዛና ምግብ የበዛበት ውሃ ከጥልቁ ይወጣል። በእኛ በጋ፣ ማለትም በፈረንጆቹ ክረምት፣ ነፋሱ ይገለበጣል፤ የሶማሊያ ሞገድም አቅጣጫውን ይለውጣል። የሐምሌ ልጅና የጥር ልጅ ያደጉት በሁለት የተለያዩ ባሕሮች ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከዚህ ወዲያ በቡድን ለዩዋቸው።

ደረጃ 7፦ ዕድገቱን ማስላት

ዕድሜን በአግድም፣ የማንትል ርዝመትን በቁም አድርጋችሁ ነጥቦቹን ዘርጉ። ወንድና ሴት ለየብቻ፣ የልደት ወቅት ለየብቻ፣ ዓይነቱም ለየብቻ። ሴቶቹ ብዙ ጊዜ ይበልጣሉ።

ከዚያ መስመር ማስገባት ነው። የዓሣ ትምህርት ቤት ልማድ ቮን ቤርታላንፊ የሚባለውን ቀመር ማንሳት ነው፤ ዕድገት እየዘገመ ሄዶ አንድ ጣሪያ ላይ ይቆማል ብሎ ያስባል። ስኩዊድ ብዙ ጊዜ ጣሪያ ላይ ሳይደርስ ይሞታል። ቀጥታ መስመርን፣ ኤክስፖነንሻልን፣ ጎምፐርትዝንና ሎጂስቲክን የሚባሉትን ቀመሮች ሞክሩና ኤአይሲ በሚባለው የቀመር ማወዳደሪያ ቁጥር አወዳድሩ። ሁለቱ እኩል ከወጡ ቀላሉን ምረጡ። ናሙናችሁ ከ150 ቀን እስከ 250 ቀን ብቻ ከሆነ ቀጥታ መስመር ይበቃል፤ መስመሩን ወደ ልደት ቀን አትጎትቱት።

ሁለት ቁጥር ሪፖርት ይደረጋል። ለምሳሌ ያህል በ100ኛው ቀን አማካይ ርዝመቱ 120፣ በ130ኛው ደግሞ 165 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። የዕለት ዕድገቱ 45 ለ30 ሲካፈል 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። አንጻራዊው ዕድገት የሁለቱ ርዝመቶች የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ልዩነት ለ30 ሲካፈል ነው፤ በቀን 1.06 በመቶ ገደማ ይመጣል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ለዓሣ አጥማጁ ይገባዋል፤ ሁለተኛው ትንሹን ከትልቁ ለማወዳደር ይመቻል።

ግራፉን ከማመናችሁ በፊት ጂጉን አስታውሱ። ከ100 ቀን በታች ያሉት ውስጥ ጂግ የያዘው ፈጥነው ያደጉትን ብቻ ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ ፈጥነው ያደጉት ቀድመው በስለው ሞተዋል፤ የቀሩት አዛውንቶች ዘገምተኞቹ ናቸው። ሁለቱም መስመሩን ጠፍጣፋ ያደርጉታል። ዕድገቱ ዝግ ያለ ከመሰላችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

ዕድገት ቋሚ ጠባይ እንዳልሆነም አትርሱ። በ2009 እና 2010 የኤል ኒኞ ወቅት በሜክሲኮው የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ የሁምቦልት ስኩዊዶች ከስድስት ወር ባነሰ ዕድሜ፣ በጣም ትንሽ ሆነው በሰሉ። ከዚያ በፊት እዚያው የሚበስሉት በብዙ እጥፍ ትልቅ ሆነው ነበር። አንድ ዓመት የሠራችሁት መስመር የዚያ ዓመት ነው።

ደረጃ 8፦ ካርታው

ብዙ ሰው ስርጭትን የሚሠራው የተያዘበትን ነጥብ ሁሉ ካርታ ላይ በመበተን ነው። ያ ካርታ መርከቡ የት እንደሄደ ያሳያል። ስኩዊዱ የት እንደሚኖር ለማሳየት ሦስት ነገር ይጨመርበታል።

መጀመሪያ ጥረት። በአንድ ጂግ በአንድ ሰዓት ስንት ተያዘ? ምንም ያልተያዘበት ጣቢያም ዜሮ ተብሎ ይግባ። የጨረቃ ብርሃንም ይመዝገብ፤ ሙሉ ጨረቃ ላይ የመርከቡ መብራት ጉልበቱ ይቀንሳል።

ሁለተኛ ዕድሜ። ነጥቦቹን በዕድሜ ቀለም ስጧቸው። ያኔ ካርታው መናገር ይጀምራል። በሰሜን ፓስፊክ የሚኖረው ኦማስትሬፈስ ባርትራሚ በሞቃቱ ደቡብ ይፈለፈላል፤ ሲጎለብት ወደ ቀዝቃዛው ሰሜን ለምግብ ይወጣል፤ ለመራባት ይመለሳል። የአርጀንቲናው ኢሌክስም በፓታጎንያ መደርደሪያ (ከዳርቻው ወጣ ብሎ ጥልቀቱ ባነሰው ባሕር) ላይ ተመሳሳይ ምልልስ አለው፤ እዚያ አቅጣጫው ይገለበጣል። በዕድሜ ካልቀባችሁት ይህ ሁሉ አንድ ትልቅ ዳመና ሆኖ ይቀራል።

መፈልፈያውን ለማግኘት ከሁለት ሚሊ ሜትር በታች የሆኑትን ፈልጉ። ሞገድ ሩቅ ሳይወስዳቸው የተያዙ ናቸው። የዚህ ቤተሰብ ግልገል ሁለቱ ረጃጅም ክንዶቹ ተጣብቀው አንድ አፍንጫ ይመስላሉ፤ ስለዚህ ከሌሎች ቤተሰቦች መለየቱ አይከብድም። ዝርያውን መለየት ግን ያለ ዲኤንኤ ብዙ ጊዜ አይሆንም። እንቁላሉን ማግኘት የሎተሪ ያህል ነው። በ2006 በካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ጠላቂዎች የሁምቦልት ስኩዊድ እንቁላል ክምችት አገኙ፦ ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ስፋት ያለው፣ ግልጽ፣ ውሃ መሃል የሚንሳፈፍ ዝልግልግ ኳስ። በውስጡ ከመቶ ሺዎች እስከ ሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል እንደነበረ ተገምቷል።

ሦስተኛ ጥልቀት። የዓረብ ባሕር ከ150 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ 1000 ሜትር ድረስ ኦክስጅን በጣም ያነሰበት ንብርብር አለው። ብዙ ዓሣ እዚያ አይደፍርም። በምሥራቅ ፓስፊክም ተመሳሳይ ንብርብር አለ፤ የኤሌክትሮኒክ መለያ የተገጠመላቸው ሁምቦልት ስኩዊዶች ቀን ቀን እዚያ ሲውሉ ታይተዋል። ጠፍጣፋ ካርታ ይህን አያሳይም። ቢያንስ የቀንና የሌሊት ናሙናን ለዩ።

በጀት ካላችሁ ስታቶሊቱ ራሱ ካርታ ይሆናል። የስትሮንቲየምና የካልሲየም መጠን ጥምርታ ከውሃው ሙቀት ጋር ይለዋወጣል፤ በብዙዎቹ ዝርያዎች ውሃው ሲቀዘቅዝ ስትሮንቲየሙ ይጨምራል። በሌዘር ከእምብርቱ እስከ ጠርዙ ነጥብ በነጥብ እየተለካ፣ ቀለበቱን ቆጥራችሁ ካወቃችሁት ቀን ጋር ታጋጥሙታላችሁ። ልጅነቱን በሞቃት ውሃ አሳልፎ በ120ኛው ቀን ወደ ቀዝቃዛ እንደገባ ማንበብ ትችላላችሁ። ምግብና የዕድገት ፍጥነትም ጥምርታውን ስለሚነኩት ወደ ዲግሪ ለመቀየር አትቸኩሉ። "ቀዘቀዘ" እና "ሞቀ" ማለት ይበቃል።

ምን ያህል ናሙና?

ለጀማሪ ቡድን የምመክረው በየ10 ሚሊ ሜትሩ፣ ለእያንዳንዱ ጾታ ከአምስት እስከ አሥር ነው። ከመካከለኛው ርዝመት መቶ ሰብስቦ ከጫፎቹ ሁለት ሁለት መያዝ ጉልበት ማባከን ነው። አንድ ወር ላይ አምስት መቶ ከመያዝም በየወሩ ሃምሳ ሃምሳ ይሻላል። የመርከብ ጊዜ ካልፈቀደ ከንግድ ጀልባዎች ጋር ተነጋገሩ፤ በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ ቀኑንና ቦታውን እንዲጽፉ ብቻ ለምኗቸው። መለያ ወረቀቱን ራሳችሁ አዘጋጅታችሁ፣ ከእርሳስ ጋር፣ በእጃቸው ስጧቸው። ከከረጢቱ ውጭ ሳይሆን ውስጥ ይግባ፤ ውጭ የተለጠፈ ወረቀት ማቀዝቀዣ ውስጥ ተላቆ ይወድቃል።